ልክ

ከቴዎድሮስ አደባባይ፣ ወደ ፖስታ ቤት ሲወረድ፣
ከጋሽ ክንዴ ልብስ ስፌት፣ ከራሱ ላይ ናት የኔ ክፍል፤
የፋሲካ ሰሞን ሲንጀሩ፣ ከታች ሲያድር ሲነጉድ፣
ጣውላዬ እግሬ ሥር ይርዳል፣ ቶኪዮ ብድግ ስትል፤
በኛ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት።

ቀን ቀን የሰው ሒሳብ እጽፋለሁ፣ ሜክሲኮ፣ አንድ አስመጪ ቤት፤
ስልኬ ከመዝገቡ ሥር ናት።
ማታ የራሴን እከስራለሁ።

ሁለት ዓመት የገራሁት፣ አንድ ዘዴ አለኝ፤ አንድ ብቻ፤
በዩሮና በዶላር ላይ፣ ተለክቶ የተሰፋ፤
ለንደን ስትነቃ ጠብቆ፣ የሌሊት አጥር መዝለቻ፤
ሃያ ፒፕ ነው ስቶፑ፣ አርባ ፒፕ ነው ተስፋ።

ዩሮ ዶላር ጨዋ ነው፤
ሲመጣ ደጅ ያንኳኳል፣ ሲሄድ ደኅና እደሩ ይላል፤
ጥቂት ጥቂት ያጎርሳል። ለጨዋ ሰው ይበቃል።

እኔ ግን ፓውንድ የንን አየሁት፤
በአንድ ጀንበር ሁለት መቶ፣ ሲወጣና ሲወርድ አየሁት፤
"ያው ገበያ አይደል?" አለኝ ልቤ። ያንኑ ዘዴ አለበስኩት።

ወደ ላይ አልኩ፤ ወደ ላይ ሄደ። አልተሳሳትኩም መንገዱን፤
ግን ሊዋጋ እንዳለ በግ፣ አስቀድሞ ሸሸ ወደ ኋላ፤
ሃያ አንድ ፒፕ ሸሽቶ፣ ቀማኝና ስቶፔን፣
ያለ እኔ ሽቅብ በርሮ፣ መቶ ስልሳ ፒፕ በላ።

አንዴ አይደለም። አሥራ አንዴ።
በአሥራ ሁለተኛው ስቶፑን አነሣሁት፤ እልህ ነው፣ አልክድም፤
የሦስት ወር የቤት ኪራይ፣ ዐይኔ እያየ ነጎደ።
ኪራዩ ደግሞ የጋሽ ክንዴ።

ልነግራቸው ወረድኩ ጠዋት። ጋሽ ክንዴ ቀና አላሉም፤
ሜትር ከአንገታቸው ላይ፣ ጠመኔ ከጆሯቸው ኋላ፤
"ኪራዩ…" ስል፣ "ገበያው ወሰደው?" አሉ፤ አልተቆጡም፤
"ልክ አስገባህ በላ!" ብለው፣ ክሩን ለወጡት በሌላ።

በዚህ መሀል ወይዘሮ ዝማም፣ የባላቸውን ኮት ይዘው፣
"ለልጁ እጅጌውን ብቻ፣ ቆረጥ አድርጉልኝ" ቢሉ፣
ጋሽ ክንዴ ኮቱን ገልብጠው፣ ገበሩን በጣት ዳስሰው፣
"እጅጌው ቢያጥር ምን ሊሆን? ትከሻው ያባት ነው" አሉ።
"ከትከሻ ነው የሚፈታ። ጨርቁ ያው ነው፣ ልኩ ነው ሌላ፤
እዚህ ጋ ከለቀቁ፣ እዚያ ጋ መሰብሰብ አለ።"

ለሳቸው ነበር የተናገሩት።
እኔ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣሁት።

የሃያ ቀን ርምጃቸውን፣ በደብተር አሰፈርኩ፣ አንድ በአንድ፤
የፓውንድ የን እግሩ ረጅም፤ ስቶፑን ስልሳ አደረግኩ፤
የለቀቅኩትን ያህል ደግሞ፣ ሎቱን ሰበሰብኩ፤ ሲሶ፤
ቢያሸንፈኝ የሚወስደው፣ ያው ሆነልኝ ተመልሶ።

የአውስትራሊያው ከቶኪዮ ጋር ይነቃል፣ ለንደን ሳትደርስ ይደክማል፤
የካናዳው የነዳጅ ዘመድ፤ ነዳጅ ሲያስነጥስ ያመዋል፤
ዩሮ ስዊስን ሦስት ሌሊት ለካሁት፤ ተኝቷል።
ለሱ የሚሆን ልብስ የለኝም። ብርድ ልብስ ይሻለዋል።

ትናንት የአንድ ወሩን ይዤ ወረድኩ። ሁለቱ ገና ይቀራል።
ጋሽ ክንዴ ብሩን ሳይቆጥሩ፣
"ቁም" አሉኝ፤ ሜትሩን ከአንገት አውርደው፣ ወገቤን ዞሩ፤
"ሰባ አራት። ለጥምቀት ሰማንያ ነበርክ።"
በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፉት፤
እኔ ምንም አላልኩ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቶኪዮ ብድግ ስትል፣
ሰማኋት። ግን አልተነሣሁም።
ከጣውላው ሥር ሲንጀሩ ይሄዳል፤
የኔን ሱሪ እያጠበበ መሰለኝ።